«ፖከር እኮ ቁማር አይደለም፣ ችሎታ ነው» ለምትሉኝ

 

በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ፀጉር መነቃቀልና ስለ እንቅልፍ ነው። ሰሞኑን ግን ለየት ያለ ጥያቄ ደጋግሞ እየመጣ ነው። ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ኦንላይን ፖከር መማር ልጀምር ነው። ከጓደኞቼ ጋር አብረን የምንማርበት ግሩፕ አለን። እንደ ኳስ ውርርድ አይደለም፣ ጭንቅላት ነው የሚጠይቀው። ለጤና ምን ችግር አለው?»

«ቁማር መጥፎ ነው፣ ተወው» ብዬ መዝጋት እችል ነበር። ግን እንደዛ የተባለ ሰው ሲተው አላየሁም፤ የሚያደርገው ቢኖር ከዚያ በኋላ አለመጠየቅ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በቁም ነገር እንውሰደው።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ፖከር ችሎታ ይጠይቃል የምትሉት እውነት ነው። ከሌላው ቁማር ይልቅ እንድትጠነቀቁ የሚያደርገኝም ይኸው እውነት ነው። መማር ከፈለጋችሁ ተማሩ፣ ግን ያለ ገንዘብ ተማሩ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ጨዋታው ምንድነው?

ኦንላይን ላይ በብዛት የሚጫወቱት ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው 2 ካርታዎች ይሰጡታል። መሃል ላይ ደግሞ ለሁሉም የጋራ የሆኑ 5 ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ 3፣ ከዚያ 1፣ በመጨረሻ 1። በየመሃሉ መወራረድ፣ ብር መጨመር ወይም ካርታውን ጥሎ መውጣት ይቻላል። በስተመጨረሻ ከ7ቱ ውስጥ የተሻለ 5 ካርታ ያለው፣ ወይም ሌሎቹን በውርርዱ አስፈራርቶ ያስወጣ ሰው መሃል ያለውን ብር ይወስዳል።

ከኳስ ውርርድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በኳስ ውርርድ የምትጫወቱት ከአወራራጁ ቤት ጋር ነው። በፖከር የምትጫወቱት እርስ በርስ ነው፤ ቤቱ ደግሞ ጠረጴዛውን አከራይቶ ድርሻውን ይቆርጣል።

እውነት ችሎታ አለው?

አዎ፣ አለው። ትንሽ ምሳሌ እንውሰድ። አራት አንድ ዓይነት ካርታ ይዛችኋል፣ አምስተኛው ከመጣ ታሸንፋላችሁ፣ የቀረው አንድ ካርታ ብቻ ነው። የሚጠቅሟችሁ 9 ካርታዎች ናቸው፣ ያላያችኋቸው ደግሞ 46። 9 ለ46 ሲካፈል ወደ 20 በመቶ ይመጣል። አሁን መሃል ላይ 300 ብር አለ፣ ለመቀጠል 100 ብር ተጠየቃችሁ እንበል። 400 ለማግኘት 100 እያወጣችሁ ስለሆነ ቢያንስ 25 በመቶ ዕድል ያስፈልጋችኋል። ያላችሁ 20 ነው። ስለዚህ ካርታውን ጥሎ መውጣት ነው። ይህን የሚያሰላ ሰው ከማያሰላው ሰው በረጅም ጊዜ ይሻላል።

ሌላም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከ4 ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ጋር 120,000 ዙር ተጫውቶ በግልጽ አሸነፋቸው። በ2019 ፕሉሪበስ የተባለው ደግሞ 6 ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ተመሳሳይ ነገር አደረገ። የሎተሪ ቁጥር መርጦ በቋሚነት የሚያሸንፍ ፕሮግራም ማንም ሊሠራ አይችልም። ፖከር ላይ ግን ተሠራ። ስለዚህ ችሎታው አለ፣ በዚህ አንከራከርም።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ ችሎታው አላችሁ ወይስ የላችሁም የሚለውን ለማወቅ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ቼስ ላይ ጎበዝ ካልሆናችሁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ታውቃላችሁ። ፖከር ላይ ለወራት ላታውቁ ትችላላችሁ።

በሂሳብ ላሳያችሁ። አንድ ጥሩ ተጫዋች አለ እንበል፤ በየ100 ዙሩ በአማካይ የመነሻ ውርርዱን 5 እጥፍ ያተርፋል። ይህ በጣም ደህና የሚባል ውጤት ነው። ነገር ግን በየ100 ዙሩ ያለው መዋዠቅ፣ ማለትም ከአማካዩ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወስደው ዕድል፣ 90 እጥፍ አካባቢ ነው። ይህ ጎበዝ ሰው 10,000 ዙር ተጫውቶ ኪሳራ ላይ የመገኘት ዕድሉ ወደ 29 በመቶ ይሆናል። በተቃራኒው በየ100 ዙሩ 3 እጥፍ የሚከስር ደካማ ተጫዋች ከ10,000 ዙር በኋላ ትርፍ ላይ የመገኘት ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው።

10,000 ዙር ስንት ጊዜ ይፈጃል? በአንድ ጠረጴዛ በሰዓት 70 ዙር ብትጫወቱ ወደ 143 ሰዓት። በቀን 2 ሰዓት ለሚጫወት ሰው ከ70 ቀን በላይ ማለት ነው።

አስቡት እስቲ። ደካማ የሆነ ሰው ከሁለት ወር በላይ ተጫውቶ «እያተረፍኩ ነው፣ ተክኜበታለሁ» ብሎ ሊያምን ይችላል። ከዚያ ውርርዱን ያሳድጋል፣ ከሥራው ጊዜ ይቀንሳል፣ ጓደኛውን ያስገባል። ሎተሪ ቆርጦ ያልወጣለት ሰው «ዕድሌ ነው» ብሎ ይተዋል። ፖከር የተሸነፈ ግን «በደንብ ስላልተጫወትኩ ነው፣ ባጠና ይመለሳል» ይላል። ተስፋውን የሚያቆመው ነገር የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ከሕክምና ቤት አንድ ነገር ልዋስ

እኛ ሐኪሞች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ፈተና አለብን። ትክክለኛውን መድኃኒት በትክክለኛው መጠን የሰጠነው ታካሚ ሊሞት ይችላል። በቫይረስ የመጣ ጉንፋን ይዞት ያለ ትእዛዝ አንቲባዮቲክ የገዛ ሰው ደግሞ በሳምንቱ ይድንና «እሱ መድኃኒት ነው ያዳነኝ» ይላል። ጉንፋኑ የሄደው በራሱ ጊዜ ነው። ውጤቱን ብቻ አይቶ የሚማር ሐኪም አደገኛ ሐኪም ይሆናል።

ለዚህ ነው ሆስፒታሎች ውስጥ የሞቱና የተወሳሰቡ ታካሚዎች ጉዳይ ቁጭ ተብሎ የሚገመገመው። ጥያቄው «ምን ሆነ?» ብቻ አይደለም። «በዚያ ሰዓት በነበረን መረጃ ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ?» የሚል ነው።

የፖከር ግሩፕ ጥቅም ካለው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ያሸነፈበትን ዙር ችሎታ፣ የተሸነፈበትን ዕድል ያደርገዋል፤ ሁላችንም እንደዛ ነን። አጠገቡ «እሺ አሸነፍክ፣ ግን 100 ብሩን መክፈል አልነበረብህም» የሚል ሰው ካለ ይማራል። ስለዚህ በጋራ መማር በራሱ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግሩፑ ግን የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት አለባችሁ።

ግሩፑን እንዴት ትመዝኑታላችሁ?

አንደኛ፣ የሚለጠፈው ምንድነው? ጠዋት ማታ የትርፍ ስክሪንሾት ብቻ ከሆነ እየተማራችሁ አይደለም፣ ማስታወቂያ እያያችሁ ነው። የተሸነፉ ሰዎች ስክሪንሾት አይለጥፉም፣ ዝም ብለው ይወጣሉ። የፖከር ዓለም ትልቁ ተረትም እንዲሁ ነው የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ባለሙያ ከ100 ዶላር ባነሰ የኦንላይን ውድድር አልፎ የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ውስጥ ገባና 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በመላው ዓለም ስንቱ ሰው ኦንላይን ፖከር ጀመረ! በዚያ ውድድር ላይ 839 ሰዎች ነበሩ። የአብዛኞቹን ስም ማንም አያነሳም፣ ባዶ እጃቸውን ነው የወጡት።

ሁለተኛ፣ አስተማሪው በምን ይኖራል? ብዙ የጨዋታ ድርጅቶች ሰው ላመጣላቸው ኮሚሽን ይከፍላሉ፤ አንዳንዴም ያመጣው ሰው በተጫወተ ቁጥር። «በኔ ሊንክ ተመዝገቡ» የሚል አስተማሪ የሚያገኘው እናንተ ስትጫወቱ ነው፣ ስትማሩ አይደለም። አይ፣ ሰውዬው የግድ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን «ዛሬ አትጫወቱ፣ እረፉ» ይላችኋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ሦስተኛ፣ ማቆም ይከበራል ወይ? አንድ አባል «ለአንድ ወር ላቁም» ሲል ግሩፑ «ጥሩ አደረግህ» ካለው ጥሩ ነው። «ፈራ!» ተብሎ ከተሳቀበት ግን ውጡ።

ቤቱ ሁሌም ይበላል

በዕቁብ የከፈላችሁት ብር ተራችሁ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል። በፖከር ጠረጴዛ ላይ ያለው ብር ግን በየዙሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ለምሳሌ 6 ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ይዘው ተቀመጡ፣ በድምሩ 6,000 ብር። ቤቱ መሃል ከተሰበሰበው 5 በመቶ ይቆርጣል እንበል። በሰዓት 50 ዙር ላይ በአማካይ 100 ብር ቢሰበሰብ፣ ቤቱ በሰዓት 250 ብር ይወስዳል። በ24 ሰዓት ጨዋታ 6,000ው ብር ሙሉ ለሙሉ ቤቱ ጋ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ለማትረፍ ከሌሎቹ ትንሽ መሻል አይበቃም፤ የቤቱን ድርሻ የሚሸፍን ያህል መሻል ያስፈልጋል።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገር ጨምሩበት። ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ተቃዋሚያችሁ ሰው መሆኑን ማረጋገጥ አትችሉም፤ ፕሮፌሽናሎችን የሚያሸንፍ ፕሮግራም ከተሠራ ቆይቷል። በተጨማሪም አካውንታችሁ ላይ የሚታየው ቁጥር ባንክ ያለ ገንዘብ አይደለም። በሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ትላልቆቹን የኦንላይን ፖከር ድርጅቶች ሲከስ፣ ፉል ቲልት የተባለው ለተጫዋቾቹ የሚመልሰው በቂ ገንዘብ እንደሌለው ታወቀ። አሜሪካውያኑ ተጫዋቾች ገንዘባቸው መመለስ የጀመረላቸው በ2014 ነው። እነሱ በአገራቸው ፍርድ ቤትና አቃቤ ሕግ ነበራቸው። በደላላ በኩል ዶላር ገዝቶ ውጭ አገር ላለ ድርጅት የላከ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ማን ጋ ሄዶ ይከሳል?

ጭንቅላታችን ውስጥ ምን ይሆናል?

ስኪነር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በእንስሳት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች አንድ ነገር አሳይቷል፦ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ የተለመደ ባህርይ ለማቆም ከሁሉም ይከብዳል። ፖከር ልክ እንደዚያ ነው። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል የሚነቃቃው ስናሸንፍ ብቻ ሳይሆን «ሊመጣ ነው» ብለን ስንጠብቅም ነው።

ተጫዋቾቹ ራሳቸው «ቲልት» የሚሉት ነገር አለ። በመጥፎ ዕድል የተሸነፈ ሰው ይናደድና የሚያውቀውን ሂሳብ ሁሉ ትቶ ብሩን ለማስመለስ ይሮጣል። ያ ሁሉ ጥናት በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል።

የእንቅልፍ ጉዳይም አለ። በምሥራቅ አሜሪካ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ ጠረጴዛው በሚሞላበት ሰዓት፣ እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ ትርፉን አጉልቶ፣ ኪሳራውን አሳንሶ ያያል። ራስ ምታት፣ የልብ ምት መጨመር፣ ጨጓራ እያለ ክሊኒክ የሚመጣ ወጣት «ሌሊት ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ካልተጠየቀ ምርመራው ሁሉ ነጻ ሆኖ ይወጣል፣ ችግሩ ግን እዚያው ይቀራል።

እሺ፣ እንዴት ልጀምር?

1. በነጻ ቺፕስ ጀምሩ። የካርታዎቹን ደረጃ፣ ከላይ ያሳየኋችሁን የዕድል ስሌት፣ መቼ ጥሎ መውጣት እንደሚያስፈልግ ለመማር አንድ ብር አያስፈልግም። ከጓደኞቻችሁ ጋር በአካል ተቀምጣችሁ በክብሪት እንጨት ብትጫወቱማ የበለጠ ትስቃላችሁ።

2. ማስታወሻ ያዙ። ያሸነፋችሁትን ሳይሆን የወሰናችሁትን ጻፉ። «20 በመቶ ዕድል ይዤ 25 የሚጠይቅ ከፈልኩ» ብሎ መጻፍ ከስክሪንሾት ይሻላል።

3. ሰዓት ገድቡ። ማንቂያ ደወል ሙሉ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በፍጹም። ስልኩን መኝታ ክፍል አታስገቡ።

4. «እኔ ግን በገንዘብ ነው የምጫወተው» የሚል ካለ፣ ምክሬ አይደለም፤ ቢያንስ ግን ለሲኒማ እንደሚወጣ ብር ይቁጠረው። ቢጠፋ የቤት ኪራይ፣ የወንድም የትምህርት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት የማይነካ ብር ይሁን። ያለቀ ዕለት አለቀ፤ ጭማሪ የለም፣ ብድር የለም።

5. ለአንድ የቤተሰብ ሰው ንገሩ። መናገር ካፈራችሁ፣ ለምን እንዳፈራችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ጨርሶ መጀመር የሌለበት ማነው?

ከዚህ በፊት በጫት፣ በአልኮል ወይም በውርርድ ሱስ የተቸገረ፤ ዕዳ ያለበትና በፖከር ልከፍል ያሰበ፤ ድብርት ወይም የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለበት፤ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ። እነዚህ በነጻ ቺፕስም ባይጀምሩ እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጡ እንደ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ያሉ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው አሪፒፕራዞል፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ የቁማር ፍላጎት ያመጣሉ። አባታችሁ ወይም እናታችሁ እነዚህን ጀምረው ድንገት ውርርድ ካበዙ «በስተርጅና ተበላሹ» አትበሉ። ለሐኪማቸው ንገሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሱስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የቁማር ሱስ የጸባይ ጉድለት አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ለመነሻ ያህል ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉ፦

ውርርዱን እየጨመራችሁ፣ እየጨመራችሁ የመሄድ ፍላጎት ተሰምቷችሁ ያውቃል?

ምን ያህል እንደተጫወታችሁ ለምትወዱት ሰው ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ?

ለአንዱም መልሳችሁ «አዎ» ከሆነ ሐኪም አማክሩ። ያ ማለት ሱሰኛ ናችሁ ማለት አይደለም፣ በደንብ መታየት ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። ሌሎቹ ምልክቶች፦ የጠፋውን ለማስመለስ በማግስቱ መመለስ፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል፣ ሳይጫወቱ ሲቀሩ መነጫነጭ፣ ሲጨንቅ ወደ ጨዋታ መሸሽ፣ ሥራ ወይም ትምህርት መበላሸት፣ ብድር መጠየቅ።

ሕክምናው በአብዛኛው በንግግር ነው፤ አስተሳሰብንና ልማድን ለመቀየር የሚረዳ የሥነ ልቦና ሕክምና ጥሩ ውጤት አለው። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው በአቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል መሄድ ትችላላችሁ። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ጋምስቶፕ በተባለው አገልግሎት ፈቃድ ካላቸው የኦንላይን ቁማር ድርጅቶች ሁሉ ራሳችሁን ማሳገድ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር በጣም አደራ። በቁማር ዕዳ የተጨነቀ ሰው «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ከቁማር ሱስ ጋር ራስን የማጥፋት አደጋ እንደሚጨምር የታወቀ ነው። ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። የዕዳው ነገር ኋላ ይደርሳል።

ለማጠቃለል ያህል፦ ጨዋታውን ለመማር ብር አያስፈልግም። በነጻ ቺፕስ ለሁለት ሦስት ወር ሞክሩት። ስሌቱ፣ ክርክሩ፣ ከጓደኛ ጋር ማሰቡ ካስደሰታችሁ እሰየው፤ ቀጥሉበት፣ ለጭንቅላት ጥሩ ነው። «ብር ከሌለበት ምን ዋጋ አለው» ካላችሁ ግን የወደዳችሁት ካርታውን አይደለም፣ ውርርዱን ነው። ያን ጊዜ ስለ ችሎታ ማውራት ትተን ስለ ውርርድ እንነጋገር፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስማችሁ በኔ ዘንድ ይቀመጣል።

ይህን ጽሑፍ ግሩፕ ውስጥ ላለ ጓደኛችሁ አጋሩት። መልካም ጤና ለሁላችን!